የኮሌጅ ተማሪና የዱቤ ካርድ ዕዳ



አንድ ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሊሄድ በተነሣ ጊዜ መካሪ አያጣም። እናቱ ጸሎቱን እንዳይተው፣ አባቱ ከክፉ ባልንጀራ እንዲርቅ፣ መምህሩም በትምህርቱ እንዲተጋ ይነግሩታል። ስለ አገሩ ብርድ ሳይቀር አስቦ ካፖርት እንዲገዛ የሚያሳስበው አለ። ነገር ግን ከደረሰ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በእጁ ስለምትገባው፣ ከመታወቂያ ወረቀት ስለማትበልጠው አንዲት ትንሽ ካርድ የሚነግረው ሰው እምብዛም አይገኝም። ይህች ካርድ በእንግሊዞች ቋንቋ ክሬዲት ካርድ የምትባለው የዱቤ ካርድ ናት። ብርድን የሚከላከል ካፖርት አለ፤ የዚህችን ካርድ ዕዳ የሚከላከለው ግን አስቀድሞ የተማሩት የሒሳብ ዕውቀትና ሳያፍሩ የመጠየቅ ልማድ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ የወላጅ ብቻ ሳይሆን የመምህርም ሥራ ይሆናል።

የዱቤ ነገር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ ያለው ባለሱቅ ስኳሩን፣ ዘይቱንና ሳሙናውን በዱቤ እየሰጠ በደብተሩ ይመዘግባል፤ ደመወዝ በደረሰ ጊዜም ሒሳቡ ይዘጋል። ባለሱቁ ተበዳሪውን ከነቤተ ሰቡ ያውቀዋል። ዕዳው እንደ በዛበት ባየ ጊዜ «አስቀድመህ ያለፈውን ክፈል» ብሎ ደብተሩን ያጥፋል፤ በቆየው ሒሳብ ላይም ወለድ አይጨምርም። የዱቤ ካርድ የሚሰጠው ባንክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተበዳሪውን በመልኩ አያውቀውም፤ ዕዳው ቶሎ ባይከፈል የሚጎዳው ተበዳሪው እንጂ ባንኩ አይደለም፤ እንዲያውም ዕዳው እየቆየ በሄደ መጠን ባንኩ የሚያገኘው ወለድ ይበዛል። ወጣቱ የሰፈሩን ባለሱቅ እያሰበ ካርዱን ቢይዝ የሚሳሳተው ስለዚህ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው የአበው ቃል ለዚህች ካርድም ይሠራል።

የካርዱ ታሪክ ረጅም አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባለው ድርጅት በኒውዮርክ ከተማ በምግብ ቤቶች ያለ ጥሬ ገንዘብ ለመስተናገድ የሚያስችል ካርድ አወጣ፤ ይህ ግን ሒሳቡ በየወሩ ተጠቃልሎ የሚከፈል ነበረ። ዕዳውን ከወር ወደ ወር ለማሻገር የሚያስችለው ካርድ የተስፋፋው ባንክ ኦፍ አሜሪካ በመስከረም 1958 በካሊፎርኒያ በምትገኘው በፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ነዋሪዎች ካርድ በፖስታ ከላከ በኋላ ነው። ካርዱን ያልጠየቀው ሰው ሁሉ በድንገት ተበዳሪ ለመሆን ተፈቀደለት ማለት ነው። ዕዳቸውን ሳይከፍሉ የቀሩ ሰዎችና የሌላውን ካርድ ሰርቀው የሚገዙ ወንበዴዎች በመጀመሪያው ጊዜ ባንኩን ብዙ ገንዘብ አሳጥተውታል። የሆነ ሆኖ ንግዱ አልቆመም፤ ይኸው ካርድ በ1976 ቪዛ ተብሎ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ያልተጠየቀ ካርድ በፖስታ መላክ በሕግ የተከለከለው በ1970 ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የወለዱን መጠን የለወጠ ነገር ሆነ። ቀድሞ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ወለድ ከዚህ አይለፍ የሚል የራሱ ሕግ ነበረው። በ1978 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባንክ ጽሕፈት ቤቱ በሚገኝበት ክፍለ ግዛት የተፈቀደውን ወለድ በሌላ ክፍለ ግዛት ከሚኖር ደንበኛው ለመቀበል እንደሚችል ፈረደ። ሳውዝ ዳኮታ በ1980 የወለድን ወሰን ከሕጉ ሲያነሣ፣ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን በ1981 ወደዚያ አዛወረ፤ ሌሎችም ወሰን ወደሌለበት ወደዚያና ወደሌላ ክፍለ ግዛት ተከተሉ። ዛሬ በአንድ ሩቅ ከተማ የሚማር ወጣት ስሙን እንኳ በማያውቀው ክፍለ ግዛት ሕግ የተመሠረተ ወለድ የሚከፍለው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2023 ከወር ወደ ወር በሚሻገር የካርድ ዕዳ ላይ ይከፈል የነበረው መካከለኛ ወለድ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ነበረ።

ባንኮች ወደ ኮሌጆች ያቀኑት ተማሪ ገና ገቢ ባይኖረውም የዕድሜ ልክ ደንበኛ ሊሆን እንደሚችል አስበው ነው። በተለይ ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ትምህርት በሚከፈትበት ሳምንት በየኮሌጁ ግቢ ጠረጴዛ እየዘረጉ፣ ማመልከቻውን ለሞላ ተማሪ ሁሉ ሸሚዝ ወይም ሌላ ስጦታ ያድሉ ነበር። አንዳንድ ኮሌጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራትም ከባንክ ጋር ተዋውለው ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ተማሪው በነጻ ያገኘ የመሰለውን ሸሚዝ ብዙ ጊዜ በወለድ መልክ እጥፍ ድርብ አድርጎ ከፍሎበታል።

በዚህ ምክንያት ብዙ ቅሬታ ስለ ተሰማ ግንቦት 22 ቀን 2009 አዲስ ሕግ ተፈረመ፤ የሚበዛው ክፍሉም በየካቲት 2010 በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ዕዳውን ለመክፈል የሚበቃ የራሱ ገቢ እንዳለው ካላሳየ ወይም አብሮት የሚፈርም ዋስ ካላቀረበ ካርድ አይሰጠውም። በኮሌጅ ግቢና በአቅራቢያው ስጦታ እያሳዩ ተማሪን ለካርድ ማስፈረም ተከለከለ። ኮሌጆችም ከባንክ ጋር ያደረጉትን የካርድ ውል ለሕዝብ እንዲገልጹ ታዘዙ። ይህ ሁሉ ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም ሕጉ ለወለዱ ወሰን አላበጀለትም። በሩን አጠበበ እንጂ አልዘጋውም፤ በበሩ የሚገባው ወጣት አሁንም በራሱ ዕውቀት መጠበቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ያስፈልጋል። ተማሪው በወሩ ውስጥ የገዛው ሁሉ ተደምሮ በወሩ መጨረሻ የሒሳብ መግለጫ ይደርሰዋል። በመግለጫው ላይ የጠቅላላው ዕዳ መጠን፣ የመክፈያው ቀንና ዝቅተኛ ክፍያ የሚባል አንድ ትንሽ ቁጥር ይገኛሉ። ጠቅላላውን ዕዳ በቀኑ ወይም ከቀኑ በፊት በየወሩ የሚከፍል ሰው በአብዛኛው ካርድ ዘንድ በገዛው ዕቃ ላይ ወለድ አይከፍልም። የሚያስተው ያ ትንሽ ቁጥር ነው። ወጣቱ ዝቅተኛውን ክፍያ ሲከፍል ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል፤ በውሉም ረገድ እውነት ነው፤ መቀጫ አይጣልበትም። ነገር ግን የቀረው ዕዳ ወለድ እየወለደ ይቀመጣል።

ይህን በሰሌዳ ላይ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። አንድ ተማሪ በዓመት ከመቶ 24 ወለድ በሚታሰብበት ካርድ 1,000 ዶላር ዕዳ አለበት ይባል፤ ከዚያም በኋላ በካርዱ ምንም አልገዛም ይባል። የወሩ ወለድ ከመቶ 2 ስለሚሆን በመጀመሪያው ወር 20 ዶላር ወለድ ይታሰብበታል። ተማሪው በየወሩ 20 ዶላር ብቻ ቢከፍል ዕዳው ለዘለዓለም 1,000 ዶላር እንደ ሆነ ይኖራል። በየወሩ 25 ዶላር ቢከፍል ከመጀመሪያው ክፍያ 20ው ለወለድ ሄዶ ዋናው ገንዘብ የሚቀንሰው በ5 ዶላር ብቻ ነው፤ ዕዳውን ለመጨረስም 82 ወር፣ ይኸውም ስድስት ዓመት ከዐሥር ወር ይፈጅበታል፤ የከፈለውም ሲደመር 2,032 ዶላር ያህል ይሆናል። በየወሩ 50 ዶላር ቢከፍል በ26 ወር ይጨርሳል፤ የሚከፍለውም 1,290 ዶላር ያህል ነው። 100 ዶላር ቢከፍል ግን በ12 ወር ነጻ ይወጣል፤ ከዋናው ገንዘብ በላይ የሚከፍለውም 127 ዶላር ብቻ ይሆናል።

በ25ና በ50 ዶላር መካከል ያለው ልዩነት በወር 25 ዶላር ነው፤ በዕድሜ ሲቆጠር ግን ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ነው። በአንደኛው ዓመት የተገዛ ጫማ ዕዳው ኮሌጅ ከተጨረሰ በኋላ እየተከፈለ፣ ጫማው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት አልቆ ተጥሏል ማለት ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ2009 ሕግ ባንኮች ይህን ስሌት በየወሩ መግለጫ ላይ እንዲጽፉ ያስገድዳል። ዝቅተኛውን ብቻ ቢከፍሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅና በ36 ወር ለመጨረስ በየወሩ ስንት መክፈል እንደሚገባ በሠንጠረዥ ይገለጻል። መድኃኒቱ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሳለ ወረቀቱን የማይከፍት ተማሪ ብዙ ነው።

የኢትዮጵያዊውን ተማሪ ነገር የሚያከብድ ሌላም ጉዳይ አለ። በተማሪ ቪዛ የሄደ ወጣት ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት የበለጠ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ገቢው የተወሰነ ነው፤ የሚጠበቅበት ግን ወሰን የለውም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ አንድ ወጣት ይታሰብ። በመጀመሪያው መንፈቅ የመማሪያ መጻሕፍትና የክረምት ልብስ በካርዱ ገዛ። በሁለተኛው መንፈቅ እናቱ እንደ ታመመች ሰምቶ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከካርዱ በጥሬው አውጥቶ ላከ። ልጅ ለእናቱ ይህን ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ የሚያሳዝነው ግን በጥሬ ገንዘብ የሚወጣ የካርድ ብድር እንደ ዕቃ ግዢ የዕፎይታ ጊዜ የሌለው መሆኑን አለማወቁ ነው። ወለዱ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ይቆጠራል፤ የአገልግሎት ዋጋም ይጨመርበታል፤ ብዙ ጊዜም የወለዱ መጠን ከዕቃው ግዢ ይበልጣል። በሐዋላ ቤት በካርድ መክፈልንም ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥሩታል። ይህ ወጣት «አሁን የለኝምና ትንሽ ታገሡኝ» ብሎ ለቤተ ሰቡ ቢጽፍ የሚቀየመው አልነበረም። ግን አፈረ።

ዕዳን የሚያገዝፈው ከወለድ ይልቅ ይህ እፍረት ነው። ወላጅ ልጁ አሜሪካ ስለ ገባ ደኅና ኑሮ ይኖራል ብሎ ያስባል፤ ልጁም ይህን አሳብ ላለማፍረስ ይሸሽጋል። ሲሸሽግ የሒሳቡን መግለጫ መክፈት ይፈራል፤ ሳይከፍት ሲቀር የመክፈያው ቀን ያልፋል፤ ቀኑ ሲያልፍ የመዘግየት መቀጫ ይጨመራል። ከዚህ በኋላ የአንዱን ካርድ ዕዳ በሌላ ካርድ መክፈል ይጀምራል። ወይም የሥራውን ሰዓት ሕጉ ከፈቀደለት በላይ አብዝቶ፣ አንድም ትምህርቱን አንድም የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለ፣ በ1,000 ዶላር ሊቆም ይችል የነበረው ዕዳ ሸሽገው ሲይዙት ትምህርት እስከ ማቋረጥ ያደርሳል።

በዕዳ ላይ የወደቀ ተማሪ ሊያደርገው የሚገባው በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል።

አንደኛ፣ ዕዳውን ሳይጨርስ በካርዱ መግዛቱን ማቆም ነው። እየጨመሩ መክፈል በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ካርድ ዕዳ፣ የወለዱን መጠን፣ ዝቅተኛውን ክፍያና የመክፈያውን ቀን መጻፍ ነው። ብዙ ሰው የዕዳውን ልክ በትክክል አያውቅም፤ የማይታወቅ ዕዳ ደግሞ ከታወቀው ይልቅ ያስፈራል።

ሦስተኛ፣ በሁሉም ካርዶች ላይ ዝቅተኛውን እየከፈሉ፣ የተረፈውን ገንዘብ ሁሉ ወለዱ ከፍ ባለው ካርድ ላይ ማዋል ነው። ያ ሲያልቅ ለእርሱ ይውል የነበረው ገንዘብ ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ከሁሉ ያነሰውን ዕዳ አስቀድሞ መጨረስን የሚመርጡም አሉ፤ ወለዱ ጥቂት ቢበዛም አንድ ዕዳ ፈጽሞ ሲዘጋ ማየት ልብን ያበረታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፤ ዋናው ነገር ከሁለቱ አንዱን መርጦ መጽናት ነው።

አራተኛ፣ ለመክፈል የሚያቅት ወር የሚመጣ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ወደ ባንኩ ስልክ መደወል ነው። ባንኮች ወለድ የሚቀንሱበትና ክፍያ የሚያራዝሙበት መንገድ አላቸው፤ ለጠየቀ ይሰጣሉ፤ ላልጠየቀ ግን አይነግሩም።

አምስተኛ፣ ምክር መጠየቅ ነው። በብዙ ኮሌጆች ዘንድ ለተማሪዎች የገንዘብ ምክር የሚሰጥ ክፍልና ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ከዚህም ሌላ ለትርፍ ያልቆሙ የዕዳ አማካሪዎች አሉ፤ የነዚህ ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1951 ነው። «ዕዳህን በግማሽ እናስቀርልሃለን» እያሉ አስቀድመው ዋጋ ከሚጠይቁት ግን መሸሽ ይገባል፤ በስልክ እንዲህ ያለውን አገልግሎት እየሸጡ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልን የአሜሪካ መንግሥት በ2010 ከልክሏል።

ይህ ሁሉ ሲባል ካርዱ ራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ የሰው የብድር ታሪክ በሦስት ድርጅቶች መዝገብ ተጽፎ ይቀመጣል፤ እነርሱም ኤኪውፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ናቸው። ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ በተለምዶ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል። ቤት የሚያከራየው፣ መኪና በብድር የሚሸጠው ሁሉ ይህን ነጥብ ይመለከታል። የዘገየ ክፍያ ወሬው በመዝገቡ ላይ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ በቀኑ የተከፈለ ሒሳብም እንደዚሁ መልካም ምስክር ይሆናል። ስለዚህ አስተዋይ ተማሪ ጥቂት ገንዘብ በመያዣነት አስቀምጦ የሚወስደውን፣ የብድሩም ልክ ያነሰውን ካርድ ይመርጣል፤ በወር አንድ ጊዜ አስቀድሞ ገንዘቡ በእጁ ያለውን ነገር ብቻ ይገዛበታል፤ ሒሳቡንም ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን ካርዱ የታማኝነት ምስክር ወረቀት እንጂ የዕዳ ሰንሰለት አይሆንም።

ስለ ወለድ መጠንቀቅ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። አራጣ የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ የነውር ስም ነው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተዋዋዮች በብድር ላይ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ከላይ በምሳሌው የተነገረው የካርድ ወለድ የዚህ እጥፍ ነው። ዕቁብም ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የዕቁብተኛው ገንዘብ በቀኑ ይገባል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከበላ በኋላ መክፈሉን አይተውም፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ያውቁታል። በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዕቁባቸውን ይዘው የሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። የዕቁብን ቀን የማያሳልፍ ቤተ ሰብ ልጅ የካርዱን ቀን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የጎደለው ጠባይ ሳይሆን ነገሩን የሚያገናኝለት አስተማሪ ነው።

ነገሩ የባሕር ማዶ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይታሰብም ያስፈልጋል። በኬንያ በ2012 የተጀመረው ኤም-ሽዋሪ በእጅ ስልክ የ30 ቀን ብድር እየሰጠ ከመቶ 7 ተኩል የአገልግሎት ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ ይህ ለአንድ ወር ትንሽ ቢመስልም በየወሩ ቢደጋገም በዓመት ከመቶ 90 ይሆናል። በኢትዮጵያም ከ2022 ጀምሮ በቴሌብር አማካይነት በስልክ ብድር መስጠት ተጀምሯል። ካርዱ ባይደርስ ዱቤው በስልክ ደርሷል፤ ስሌቱም አንድ ነው።

ስለዚህ ክቡራን መምህራን ሆይ፣ የሚፈለገው አዲስ የትምህርት ዓይነት ሳይሆን ያለውን ትምህርት ወደ ኑሮ ማቅረብ ነው። ተማሪዎች ነጠላና ድርብ ወለድን በሒሳብ ክፍል ይማራሉ፤ ፈተናውንም ያልፋሉ፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ያለው ተበዳሪ ስምና ዕድሜ ስለሌለው በራሳቸው ላይ የሚደርስ አይመስላቸውም። አንድ ክፍለ ጊዜ ወስዶ ያን የ1,000 ዶላር ዕዳ በሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ 20፣ 25፣ 50ና 100 እየተከፈለ ስንት ወር እንደሚፈጅ ተማሪዎች ራሳቸው እንዲያሰሉ ማድረግ ይበቃል። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም ወደ ውጭ አገር የሚሄዱትን ተማሪዎች ሲሸኙ፣ ወላጆችን አብረው ጠርተው ስለዚሁ ቢያነጋግሩ መልካም ነው። በተለይ ወላጅ በልጁ ፊት «ገንዘብ ባጠረህ ጊዜ ንገረን እንጂ ተበድረህ አትላክልን» ብሎ ቢናገር፣ ያ አንድ ቃል ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ተማሪው ሒሳቡን ቢያውቅ ዝቅተኛው ክፍያ አያታልለውም፤ እፍረቱ ቢነሣለት ደግሞ የመጀመሪያው 1,000 ዶላር ሁለተኛ ሺሕ ሳይወልድ ይናገራል። የመጀመሪያውን መስጠት የመምህር ፈንታ ነው፤ ሁለተኛውን ለመስጠት መምህርና ወላጅ መተባበር ይገባቸዋል። ተማሪው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ሁለቱም ቢሰጡት፣ የሄደበትን ትምህርት ፈጽሞ ያለ ዕዳ ይመለሳል፤ በዚያው ቢኖርም በስሙ ላይ መልካም ምስክር ይዞ ይኖራል።